ማዕበሉና ወንበሩ፤ የመራጭ ድምፅ ምክር ቤትን ያስለቅቃልን?

ድሬዳዋ ባሕር የላትም። ነገር ግን በከተማችን ስለ ምርጫ ክርክር በተነሣ ቍጥር ከተማሪው አፍ የማይለየው ቃል «ማዕበል» ነው። አንደኛው ወገን፣ የሕዝብ ማዕበል የተነሣ ቀን ምክር ቤቱ ሙሉ በሙሉ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ በአብላጫ ድምፅ ሕግ የሚጠቀመው ምንጊዜም ትልቁ ፓርቲ ስለሆነ ማዕበል ቢነሣም ከወንበሩ የሚነቀንቀው የለም ይላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱንም አስተያየት መሔስ ነው። ሁለቱም ተከራካሪዎች ማስረጃ ሲፈልጉ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ባሕር ማዶ ይሮጣሉ፤ በደጃቸው የሚገኘውን የድሬዳዋን ምክር ቤት ግን አይመረምሩትም። (ዓመቱ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።)

በመጀመሪያ ቃሉ ራሱ ጥቂት ሒስ ይገባዋል። ማዕበል የባሕር ነገር ስለሆነ ዳርቻውን ሁሉ እኩል የሚመታ ይመስለናል። ለዚህ ከተማ ሰው የሚቀርበው ግን ጎርፍ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከከዚራ ወደ መጋላ የሚሻገር ሰው ወንዝ መሆኑን ይዘነጋዋል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ከደጋው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ የሰው ሕይወት ሲያጠፋ፣ ጉዳቱን የወሰነው የውሃው ብዛት ብቻ አልነበረም፤ የመሬቱ አቀማመጥና ቤቶቹ የተሠሩበት ቦታም ጭምር ነበር። የሟቾችን ነገር ለምሳሌ ብሎ ከዚህ በላይ ማራዘም አይገባም። ለጉዳያችን የሚበቃው፣ ድምፅም እንደ ውሃ መውረጃው አስቀድሞ የተቀየሰ መሆኑን ማስተዋል ነው።

ደግሞም «ምክር ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ» ለማለት በቅድሚያ በእጅ የሚያዝ ነገር መኖር አለበት። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1948 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት፣ ከእ.ኤ.አ. 1957 ጀምሮ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ድምፅ ይመረጡ ነበር። ይሁን እንጂ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱን አባላት የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። በዚያ ሥርዓት የመምሪያው አባላት ሁሉ በአንድ ቀን ቢለወጡ እንኳ አዲስ ሰዎች ገቡ ይባላል እንጂ ሥልጣን ተላለፈ አይባልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 56 በተወካዮች ምክር ቤት አብላጫውን ወንበር የያዘው ድርጅት ወይም ጣምራ ድርጅቶች የሥራ አስፈፃሚውን አካል ያደራጃሉ ስለሚል፣ ጥያቄው ከዚያ ወዲህ መሠረት ያለው ጥያቄ ሆኗል።

ከዚያ ወዲህ ማዕበል ለመባል የበቃው ምርጫ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ግንቦት 7 ቀን 1997 የተደረገው ነው። በ1992 ምርጫ ኢሕአዴግ ከ547 ወንበሮች 481 ይዞ ነበር። በ1997 በይፋ በተነገረው የመጨረሻ ውጤት ወደ 327 ወረደ፤ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ 11 ወንበር አገኙ። ተቃዋሚዎቹ ይህን ቍጥር አልተቀበሉትም። በክርክሩ ምክንያት በተነሣው ሁከት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን፣ ምክር ቤቱ ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን መዝግቧል። ቍጥሩ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እዚህ ለመፍረድ አንነሣም። ይፋ የሆነውን ቍጥር እንዳለ ተቀብለን ብናሰላው ግን አንድ ነገር ያስተምረናል።

የ547 አብላጫ 274 ነው። ኢሕአዴግ 154 ወንበር አጣ፤ አብላጫውን ለማጣት ግን 208 ማጣት ነበረበት። ስለዚህ ማዕበሉ ከሚያስፈልገው መንገድ ሦስት አራተኛውን ሄዶ ቆመ ማለት ነው። የቆመበትን ቦታ ደግሞ በካርታ ላይ ማሳየት ይቻላል። የትግራይ 38 ወንበሮች በሙሉ የገዥው ግንባር ሆኑ። የሶማሌ 23፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ 9፣ የአፋር 8፣ የጋምቤላ 3 ወንበሮች በአብዛኛው ለግንባሩ አጋር በሆኑ ድርጅቶች እጅ ገቡ። እነዚህ ሲደመሩ 81 ይሆናሉ፤ ማዕበሉም ወደ እነርሱ እምብዛም አልደረሰም። እንግዲህ ተቃዋሚው 274 ወንበር ማግኘት የነበረበት ከቀሩት 466 ውስጥ ነው፤ ይህም ከ100 ወረዳ ወደ 59 የሚጠጋ ማሸነፍ ማለት ነው። ሁለት ትልልቅ የተቃዋሚ ጎራዎች በብዙ ወረዳ ጎን ለጎን በሚወዳደሩበት ጊዜ ይህ ቀላል ሒሳብ አይደለም። የጊዜውም ነገር አለ። የሶማሌ ክልል ድምፅ የሰጠው ነሐሴ 15 ቀን ነው፤ ድጋሚ ምርጫ የታዘዘባቸው ወረዳዎችም እንዲሁ። በግንቦት የተነሣ ውሃ በነሐሴ ያው ውሃ አይደለም።

ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች የሚደርሱበት ድምዳሜ «ጥፋቱ የአብላጫ ድምፅ ሕጉ ነው፤ በተመጣጣኝ ውክልና ቢለወጥ ማዕበሉ ያሸንፋል» የሚል ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ነገሩን ገልብጦ ማየት ነው። በየወረዳው አንድ ድምፅ የበለጠ ወንበሩን የሚወስድበት ሕግ፣ ትንሹን የድምፅ ለውጥ አብዝቶ የሚያሳይ ሕግ ነው። ማዕበልን የሚያለዝበው ይልቁንም ተመጣጣኙ ውክልና ነው። በካናዳ እ.ኤ.አ. በ1988 ምርጫ 169 ወንበር አሸንፎ የነበረው ገዥው ፓርቲ በ1993 ምርጫ 2 ወንበር ብቻ ቀረው፤ ያገኘው ድምፅ ግን ከመቶ 16 ነበር። በዚያው ምርጫ በኬቤክ ብቻ የተወዳደረው ፓርቲ ከመቶ 13 ተኩል ገደማ ድምፅ ይዞ 54 ወንበር አገኘ። የመጀመሪያው ድምፁ በአገሩ ሁሉ ተበትኖበት ነበር፤ የሁለተኛው በአንድ ቦታ ተከማችቶለታል። በሌሶቶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ ፓርቲ ከመቶ 60 በሚያህል ድምፅ ከ80 ወንበር 79ኙን ወሰደ። ውጤቱ ብጥብጥ አስነሥቶ የጎረቤት አገሮች ጦር እስከ መግባት ደረሰ፤ በ2002 አገሪቱ 40 የተመጣጣኝ ውክልና ወንበሮች ጨምራ ወደ ቅይጥ ሥርዓት ተሻገረች። ሌሶቶ ይህን ያደረገችው ማዕበልን ለመጥራት አልነበረም፤ ለመግታት ነበር።

ለዚህ ከአዲስ አበባ የተሻለ ማስረጃ በአገራችን አይገኝም። በ1997 ቅንጅት የከተማውን 23 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች ደግሞ 137ቱን አሸነፈ። ከዚህ የበለጠ ማዕበል ሊታሰብ አይችልም። ነገር ግን አሸናፊው አስተዳደሩን አልተረከበም። መሪዎቹ ምክር ቤት በመግባትና ባለመግባት ሲከራከሩ ቆይተው በ1998 መጀመሪያ ታሰሩ፤ በግንቦት 1998 የፌዴራሉ መንግሥት በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ሾመ። ለመራጩ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነበት። በሚያዝያ 2000 ምርጫው በተደገመ ጊዜ ኢሕአዴግ ከ138 ወንበር 137ቱን ወሰደ። ቍጥሩ ያው፣ ባለቤቱ ሌላ። በ2002 ደግሞ ከ23ቱ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች 22ቱ የኢሕአዴግ ሆኑ። እንግዲህ ሕጉ ማዕበልን አይከለክልም፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም በአንድ ዓይነት ልግስና ያሳልፈዋል። በአዲስ አበባ ያልተገኘው በድምፅ መስጫ ሣጥንና በምክር ቤቱ ቁልፍ መካከል የሚያሻግር ድልድይ ነው፤ እርሱን የምርጫ ሕግ ብቻ አይሠራውም።

ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ከ547ቱ ወንበሮች የዚህ ከተማ ድርሻ 2 ነው። ስለዚህ የድሬዳዋ መራጭ ድምፁ ክብደት የሚኖረው በፌዴራሉ ምክር ቤት ላይ ሳይሆን በከተማው ምክር ቤት ላይ ነው፤ ስለ ውሃው፣ ስለ መሬቱ፣ ስለ ቀበሌው ሹመት የሚወሰነው እዚያ ነውና። አስተዳደሩ በ1996 በአዋጅ ቍጥር 416 በወጣው ቻርተር የቆመ ሲሆን፣ የኦሮሚያም የሶማሌም ክልሎች ከተማይቱን ይገባኛል ስላሉ ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት ሆኗል። በዚህ ከተማ ለብዙ ዓመታት የተሠራበት ስምምነት ደግሞ በቻርተሩ ውስጥ ያልተጻፈው የ40፣ 40፣ 20 ክፍፍል ነው። ከመቶ 40 ለኦሮሞው ድርጅት ለኦሕዴድ፣ ከመቶ 40 ለሶማሌው ድርጅት ለሶሕዴፓ፣ የቀረው 20 ለሌሎች። ምክር ቤቱም ካቢኔውም በዚህ ሚዛን ተሞላ፤ የከንቲባውም ወንበር በሁለቱ ድርጅቶች መካከል በተራ ዞረ።

በ1999 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በአስተዳደሩ ውስጥ 341,834 ሰው ተቈጥሯል። ከእነዚህ ኦሮሞ ከመቶ 46፣ ሶማሌ 24፣ አማራ 20 ያህል ሲሆኑ የቀሩት ጉራጌና ሌሎች ናቸው። ስለዚህ 46ቱ 40፣ 24ቱ 40፣ 30ው 20 ተሰጣቸው ማለት ነው። ይህን ንጽጽር የምናቀርበው ሰው ሁሉ በብሔሩ ብቻ ይመርጣል ብለን አይደለም፤ እንዲያውም እንደዚያ ብሎ ማሰብ የክፍፍሉ የራሱ ግድፈት ነው። በአንድ ግቢ ሦስት ቋንቋ እየተናገረ ያደገ የድሬዳዋ ልጅ የትኛው መቶኛ ውስጥ እንደሚገባ ማን ይወስንለታል? ነጥባችን ግን ሌላ ነው። ሚዛኑ ከቈጠራውም ከድምፁም አልመጣም፤ ከሁለቱም በፊት ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ሁለቱም ተከራካሪዎች የሚስቱት ነገር አለ። ክፍፍሉ በሕግ ያልተጻፈ ስለሆነ፣ በሕግ ዓይን የድሬዳዋ መራጭ በአንድ ቀን ሁሉንም ወንበር ለሌላ ፓርቲ መስጠት ይችል ነበር። የሚከለክለው አንቀጽ የለም። የሚከለክለው የዕጩዎች አቀራረብ ነው። ሁለቱ ድርጅቶች ወንበሩን ቀድመው ከተካፈሉ አንዱ በሌላው ላይ ዘመቻ አያደርግም፤ መራጩም በሁለቱ መካከል አይፈርድም። የኦሕዴድን አስተዳደር ያልወደደ ሰው ሶሕዴፓን በመምረጥ ሊቀጣው አይችልም፤ የሶሕዴፓን ያልወደደም እንዲሁ። በሌላው ዓለም ማዕበል የሚነሣው የተቈጣ መራጭ ድምፁን ወደ ቅርብ ተፎካካሪ ሲያዞር ነው። እዚህ ግን ቅርብ የሆነው ተፎካካሪ የሥልጣኑ ተካፋይ ነው። ከእነዚህ ውጭ የሚቀርበው ፓርቲ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሁሉም ቀበሌ ዕጩ ለማቆም አቅም ያጥረዋል።

ከዚህ የሚከተለው ውጤት የሚያስገርም ነው። የከንቲባው ሥልጣን ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው ሲተላለፍ አይተናል፤ ያስተላለፈው ግን የቀን መቍጠሪያው ነው። አዲስ አበባ ማዕበል አይታ ርክክብ አላየችም፤ ድሬዳዋ ርክክብ አይታ ማዕበል አላየችም። «ማዕበል ምክር ቤትን ያስለቅቃልን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እነዚህን ሁለት ከተሞች ጎን ለጎን ሳያኖር መልስ ቢሰጥ መልሱ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ይሆንበታል።

ለክፍፍሉ የሚቀርበው መከላከያ ግን እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ሁለት ክልሎች በሚከራከሩባት ከተማ አንዱ ወገን በ51 ድምፅ ሁሉን ወስዶ ሌላው በ49 ባዶ እጁን ቢቀር፣ ክርክሩ ከምክር ቤት ወደ መንገድ ሊወጣ ይችላል። የሌሶቶን ነገር ከላይ አይተናል። ይህን ሥጋት የሚንቅ ተማሪ ከተማውን አያውቃትም። ነገር ግን መከላከያው የሚያስረዳው ለምን ዋስትና እንዳስፈለገ እንጂ፣ ለምን ዋስትናው ይህን ቅርጽ እንደያዘ አይደለም። ሰላሙንም ቢሆን እስከ መጨረሻው አልጠበቀውም፤ በጥር 2011 በከተማይቱ መንገዶች የወጡት ወጣቶች ካነሡአቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው 40፣ 40፣ 20 ይቅር የሚል ነበር። በድምፅ መስጫ ሣጥን ያልተገኘ መውጫ በመንገድ ተፈለገ።

ሌላ ቅርጽ መኖሩን ለማሳየት የሞሪሸስን ምሳሌ ማየት ይጠቅማል። ይህች ደሴት እንደ ድሬዳዋ የብዙ ሕዝቦች መኖሪያ ናት። ሕጓ 62 አባላትን በአብላጫ ድምፅ ያስመርጣል፤ ከዚያ በኋላ ውክልናቸው ላነሰ ማኅበረሰቦች፣ ከተሸነፉት ዕጩዎች መካከል ብዙ ድምፅ ላገኙት እስከ 8 ወንበር ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1982 ከነጻነት ጀምሮ የገዛው የሰር ሲውሳጉር ራምጉላም መንግሥት በማዕበል ተመታ፤ ተቃዋሚዎች የዋናውን ደሴት 60 ወንበሮች 60ውንም ወሰዱ። መንግሥት በሰላም ተለወጠ፤ ተጨማሪዎቹ ወንበሮችም ለተሸናፊዎቹ ጥቂት ድምፅ በምክር ቤቱ አስቀሩላቸው። ልዩነቱን እናስተውል። በሞሪሸስ ዋስትናው የሚሰጠው ሕዝቡ ከፈረደ በኋላ ነው፤ የአነስተኛውን ወገን መቀመጫ ይጠብቃል እንጂ አሸናፊው ማን እንደሚሆን አይወስንም። በድሬዳዋ ዋስትናው ፍርዱን ቀደመው።

ሞሪሸስን እንዳለች እንቅዳት ማለታችን አይደለም። እዚያም ዕጩው ማኅበረሰቡን እንዲያስመዘግብ መገደዱ፣ ድልድሉም እ.ኤ.አ. በ1972 በተደረገ ቈጠራ ላይ መቆሙ ብዙ ወቀሳ አምጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴም ነቅፎታል። በእኛም አገር ሊደረግ የታሰበው ቈጠራ በ2011 ስለተላለፈ፣ በ1999 ቍጥር ላይ ዛሬ ድልድል የሚያወጣ ሰው ያው ወቀሳ ይጠብቀዋል።

በኅዳር 2012 የቀድሞው ኦሕዴድም የሶማሌው ድርጅትም በብልጽግና ፓርቲ ውስጥ ተዋሐዱ። በሁለት ድርጅቶች መካከል የነበረው ስምምነት በአንድ ፓርቲ ጣሪያ ሥር ገባ ማለት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 የድሬዳዋ መራጭ ድምፅ ለመስጠት ሲሰለፍ፣ ቀድሞ ተካፋይ የነበሩት በአንድ የአምፖል ምልክት ቀረቡለት። በዚህ አኳኋን ክፍፍል ቢኖርም ባይኖርም የሚታየው በፓርቲው ጽሕፈት ቤት እንጂ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ አይሆንም፤ ስለዚህ ለተመራማሪ ተማሪ የውጤት መግለጫውን ብቻ ማንበብ አይበቃውም። የሚፈተሸው የዕጩዎች ዝርዝር ነው። በ9ኙ የከተማ ቀበሌዎችና በገጠሩ፣ የ2000ን፣ የ2005ንና የ2013ን የከተማ ምክር ቤት ዕጩዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ መራጩ ከገዥው ወገን ውጭ የሆነ ስም በስንት ቦታ እንደቀረበለት፣ በስንትስ ቦታ እንዳልቀረበለት መቍጠር ከአንድ ሴሚስተር በላይ የሚወስድ ሥራ አይደለም።